በአሠሪ ዋይፋይ ስትጠቀሙ ምን ይታያል? ስለ ፕሮክሲ ሰርቨር አጭር ትምህርት



በመኖሪያ ካምፕም ሆነ በሥራ ቦታ የምትጠቀሙበት ዋይፋይ የአሠሪው ነው። በብዙ ድርጅቶች ኢንተርኔቱ የሚያልፈው «ፕሮክሲ ሰርቨር» በሚባል ኮምፒውተር በኩል ነው። ይህ ኮምፒውተር እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ወዴት እንደ ሄደ ይመዘግባል፤ ያልተፈቀደውንም ይመልሳል። አሠሪው ወጪውንና ኔትወርኩን ለመቆጣጠር ይህን ማድረጉ በራሱ እንደ በደል አይቆጠርም። ሆኖም ደመወዙ የተያዘበት ሠራተኛ አቤቱታውን በዚሁ መስመር ከመላኩ በፊት የሚታየውን ከማይታየው ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

የሚታየው፦ የስልካችሁ የኔትወርክ አድራሻ፣ ሰዓቱ፣ የመረጃው መጠንና የጎበኛችሁት ድረ ገጽ ስም ነው። ዋይፋዩ በግል መለያና በይለፍ ቃል የሚከፈት ከሆነ መዝገቡ በስማችሁ ይያዛል።

የማይታየው፦ አድራሻው በ«ኤችቲቲፒኤስ» በሚጀምር ገጽ ላይ የጻፋችሁት ቃልና የዋትሳፕ መልእክታችሁ ይዘት ነው።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን እዚህ ላይ ነው። «ዋይፋዩ እንዲሠራ ይህን ሰርተፍኬት ስልክህ ላይ ጫን» የሚል ትእዛዝ ሊመጣ ይችላል። ሰርተፍኬቱ ከተጫነ ፕሮክሲው የታሸገውን የድረ ገጽ መረጃ፣ የይለፍ ቃል ጭምር፣ ከፍቶ ሊያነብ ይችላል።

ስለዚህ፦

1. የውል፣ የፓስፖርትና የደመወዝ ማስረጃዎችን እንዲሁም አቤቱታችሁን በራሳችሁ ሲም ካርድ ዳታ ላኩ። ከመላካችሁ በፊት ዋይፋዩን አጥፉ።

2. ድርጅቱ በሰጣችሁ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የግል ጉዳያችሁን አትጻፉ፤ ሰርተፍኬቱ አስቀድሞ ተጭኖበት ሊሆን ይችላል።

3. በግል ስልካችሁ ላይ ሰርተፍኬት አትጫኑ። ያለ እርሱ አይሠራም ከተባላችሁ ያንን ዋይፋይ ተዉት።

4. በስልካችሁ የዋይፋይ ማስተካከያ ውስጥ «ፕሮክሲ» የሚለውን ተመልከቱ። ባዶ ቢሆንም ፕሮክሲ የለም ማለት አይደለም፤ ሳይጻፍም ሊሠራ ይችላልና።

5. እገዳን ለማለፍ ብላችሁ በቪፒኤን አትሸሸጉ። በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው አዋጅ ቁጥር 34 መሠረት ወንጀል ለመፈጸም ወይም እንዳይታወቅ ለማድረግ የኔትወርክ አድራሻን መለወጥ ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ያስቀጣል። በዚያ አገር የታገደ አገልግሎትን በዚህ መንገድ መጠቀምም ለክስ ሊዳርግ ይችላል።

በኢንተርኔት አጠቃቀም ሰበብ ደመወዛችሁ ቢቀነስ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ኤምባሲው የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ቅረቡ።