የመረጃ ቋት ሰርቨር በኮምፒዩተር ላይ አልጫን ሲል፤ ለዲላና ለጌዴኦ ዞን ነጋዴዎች የሚሆን ትምህርት

ንግድ ያለ መዝገብ አይጸናም። የቀድሞው ነጋዴ የሰጠውንና የተቀበለውን በባሕር መዝገብ ጽፎ ከሣጥኑ ያኖር ነበር፤ የዛሬው ነጋዴ ደግሞ ያንኑ መዝገብ በኮምፒዩተር ውስጥ ያኖረዋል። የመዝገቡ ዐይነት ቢለወጥም የነጋዴው ግዴታ አልተለወጠም፤ ይኸውም የሰውን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ለይቶ ማወቅ፥ ለሚጠይቀውም ሁሉ የተጣራ መልስ መስጠት ነው።

የመረጃ ቋት ሰርቨር የሚባለው ፕሮግራም በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ይመሰላል። ወደ ግምጃ ቤቱ ማንም ሰው በገዛ እጁ ገብቶ ዕቃ አያነሣም፤ ሁሉም በመስኮቱ ይጠይቃል፥ ኃላፊውም ፈልጎ ይሰጣል፥ የሰጠውንም ይመዘግባል። እንደዚሁም የሚዛኑ፥ የሒሳቡና የሽያጩ ኮምፒዩተሮች መዝገቡን በቀጥታ ሳይነኩ ሰርቨሩን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ኃላፊው በቦታው ካልተተከለ የቀረው ሥራ ሁሉ ይቆማል።

ይህ ነገር ለጌዴኦ ዞን ነጋዴ ዛሬ ከምን ጊዜውም ይልቅ ያስፈልገዋል። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የዞኑ ርእሰ ከተማ ስትሆን፥ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ ናት። የይርጋ ጨፌ፥ የወናጎ፥ የኮቸሬና የገደብ ቡና በዚሁ መንገድ ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ምርት ወደ ገበያው እንዳይገባ ደንብ አውጥቷል። በዚህ ደንብ መሠረት ከ4 ሄክታር ያልበለጠ የቡና ማሳ ቢያንስ በአንድ የመልክዐ ምድር ነጥብ፥ ከዚያ የሚበልጠው ግን ዙሪያው በነጥቦች ተከብቦ መታወቅ አለበት። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ማሳውን የማሳወቁ ግዴታ አልቀረም። በጌዴኦ ቡና ከእንሰትና ከጥላ ዛፍ ጋር በትንንሽ ማሳ የሚበቅል ስለ ሆነ፥ የአንድ አቅራቢ ደንበኞች ቁጥር ብዙ ነው፤ የሁሉንም ስምና ነጥብ በደብተር ይዞ መዝለቅ አይቻልም።

ለምሳሌ ያህል በዲላ ከተማ የሚሠራ አንድ ቡና አቅራቢ ይወሰድ። ይህ ሰው አሮጌውን ኮምፒዩተር ሸጦ አዲስ ላፕቶፕ ገዛ፤ ያለፈውን ዓመት የደንበኞች ዝርዝርም ወደ አዲሱ አስገለበጠ። የሒሳቡ ፕሮግራም ከመግባቱ በፊት ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ መጫን ነበረበት፤ ጭነቱ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ በመጨረሻው ላይ ቀይ ምልክት አሳይቶ ቆመ። ሦስት ጊዜ ቢሞከርም ውጤቱ ያው ሆነ። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ እሸት ቡናም መውረድ ጀምሯል። የተጠራው ባለሙያ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ተደምስሶ ዊንዶውስ እንደ ገና ይጫን አለ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ግን፥ «ጋሼ፥ የደንበኞቹ ዝርዝር ያለው በዚህ ብቻ ነው፤ ከመደምሰሱ በፊት የታመመበት ምክንያት ይታወቅ» ብላ አስቆመች። ነገሩ እንዴት እንደ ተፈታ ከዚህ በታች በየተራው ይገለጻል።

1ኛ፤ ከመጀመር በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ከሁሉ አስቀድሞ በኮምፒዩተሩ ያለው መዝገብ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ይህ ሳይደረግ የሚጀመር ሥራ ሁሉ ቁማር ነው። ቀጥሎም የሚከተሉት ይመርመሩ። የሚጭነው ሰው በአስተዳዳሪነት ሥልጣን መግባት አለበት። ከ2016ቱ እትም ወዲህ ያለው ኤስኪውኤል ሰርቨር በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል፤ በዲስኩም ላይ ቢያንስ 6 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይሻል። የሚጫንበት ፎልደር ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ የታመቀ መሆን የለበትም። ዊንዶውስ ያላለቀ እድሳት ካለበት ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ ጠፍቶ ይነሣ፤ አለዚያ ጫኙ ራሱ «መጀመሪያ አስነሣኝ» ብሎ ይቆማል።

ከኢንተርኔት የሚወርደው ትንሹ ፋይል ራሱ ፕሮግራሙ አይደለም፤ የቀረውን በጭነቱ ጊዜ እያወረደ የሚሄድ መልእክተኛ ነው። መስመሩ በሚቆራረጥበት ስፍራ ይህ መልእክተኛ ከመንገድ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉውን ጥቅል ብቻ የማውረድ ምርጫ ተወስዶ፥ ጭነቱ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ቢፈጸም ይሻላል። መብራት በመካከሉ እንዳይጠፋም ዩፒኤስ ያስፈልጋል።

2ኛ፤ ስሕተቱን ማንበብ

ጭነት ሲከሽፍ በመስኮቱ የሚታየው ቃል አጭርና ግራ የሚያጋባ ነው። ዝርዝሩ የሚገኘው ጫኙ ጽፎ ከሚተወው መዝገብ ነው። በኤስኪውኤል ሰርቨር ይህ መዝገብ «ሴታፕ ቡትስትራፕ» በተባለው ፎልደር ሥር «ሎግ» በሚለው ውስጥ «ሰመሪ» በሚል ስም ይቀመጣል። አንባቢው ከመጨረሻው ስሕተት ሳይሆን ከመጀመሪያው ይነሣ፤ የኋለኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛው ልጆች ናቸውና። ከዚህም ሌላ ሞተሩ ራሱ የሚጽፈው «ኤረርሎግ» የተባለ መዝገብ አለ፤ እርሱም ይታይ።

በተጠቀሰው አቅራቢ ዘንድ የመጀመሪያው መዝገብ ሞተሩ ሊነሣ እንዳልቻለ ብቻ ይናገር ነበር። ሁለተኛው ግን ሞተሩ በዲስኩ ላይ የሚጽፈው ጽሑፍ ከዲስኩ መስመር ጋር እንዳልገጠመ ገለጠ። ምክንያቱም ይህ ነው። ዲስክ እንደ ባሕር መዝገብ በመስመር የተከፈለ ሲሆን፥ አንዱ መስመር ሴክተር ይባላል። ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚቀበለው የ512 ወይም የ4096 ባይት ሴክተር ነው። ከአዳዲሶቹ ዲስኮች አንዳንዶቹ ከዚህ የሰፋ መስመር እንዳላቸው ይናገራሉ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ዲስኩ የነገረውን ቁጥር እንዳለ ያስተላልፋል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ አይነሣም፤ ጭነቱም በመጨረሻው ላይ ይወድቃል። ዊንዶውስ ቢደመሰስና ያው ዊንዶውስ 11 እንደ ገና ቢጫን ዲስኩ ያው ስለ ሆነ ምንም አይጠቅምም ነበር፤ የሚጠፋው የደንበኞቹ ዝርዝር ብቻ ነበር።

መድኀኒቱን ማይክሮሶፍት ራሱ አስታውቋል። በመጀመሪያ «ኤፍኤስዩቲል» በተባለው ትእዛዝ የሴክተሩ ስፋት ይለካል። ከ4096 ባይት በላይ ከሆነ በዊንዶውስ ሬጂስትሪ ውስጥ ለዲስኩ ነጂ «ፎርስድ ፊዚካል ሴክተር ሳይዝ ኢን ባይትስ» የተባለ መስመር ተጨምሮ፥ ዲስኩ ስፋቱን 4096 ብሎ እንዲናገር ይደረጋል፤ የሚጻፍበትን ትክክለኛ ስፍራና ቃል ከኩባንያው መመሪያ መቅዳት ይገባል። ከዚያም ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይነሣል። ሬጂስትሪን መንካት የማይፈልግ ሰው የሴክተሩ ስፋት የሚስማማ ሌላ ዲስክ ቢጠቀም ይችላል። በሁለቱም መንገድ የከሸፈው ጭነት ትራፊ አስቀድሞ ከኮንትሮል ፓነል ይወገድ፤ በፍርስራሽ ላይ የሚሠራ ቤት አይጸናምና።

3ኛ፤ ተጭኖ ሳለ አልነሣ ሲል

ሰርቨሩ ከተጫነ በኋላ ሰርቪሱ ካልተነሣ ሦስት ነገሮች ይመርመሩ። አንደኛው ፖርት ነው። ፖርት ጠያቂዎች የሚገቡበት በር ሲሆን፥ ኤስኪውኤል ሰርቨር በተለምዶ 1433፥ ማይኤስኪውኤል 3306፥ ፖስትግሬስኪውኤል 5432 ይጠቀማሉ። አንዱን በር ሁለት ፕሮግራም ሊይዘው አይችልም። ለምሳሌ ቀድሞ ዛምፕ የተጫነበት ኮምፒዩተር 3306ን የያዘ ሊኖረው ስለሚችል አዲሱ ማይኤስኪውኤል በሩን ያጣል፤ ስለዚህ የፊተኛው ይወገድ ወይም የኋለኛው ሌላ ቁጥር ይሰጠው። ሁለተኛው የሰርቪሱ አካውንት ነው። ሰርቪሱ በአንድ ሠራተኛ ስም እንዲነሣ ተደርጎ እንደ ሆነ፥ ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን በለወጠ ጊዜ ሰርቪሱ በሚቀጥለው መነሣት ይቀራል። ሦስተኛው ማይኤስኪውኤል የሚደገፍበት የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅል መጉደል ነው፤ ይህም ለብቻው ይጫናል።

4ኛ፤ ከሌላ ኮምፒዩተር አልታይ ሲል

አቅራቢው ይህን ካለፈ በኋላ የቢሮው ኮምፒዩተር ሲሠራ የሚዛኑ ኮምፒዩተር ሰርቨሩን አጣው። ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው፤ ኤክስፕረስ ሲጫን የውጭ በሩን ዘግቶ ይጀምራልና። አከፋፈቱም በተራ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በኔትዎርክ መተያየታቸው ይረጋገጥ። ሁለተኛ በኮንፊገሬሽን ማኔጀር ውስጥ «ቲሲፒ አይፒ» ይፈቀድ፥ ቋሚ ፖርትም ይሰጠው፥ ሰርቪሱም ተዘግቶ ይነሣ። ሦስተኛ በዊንዶውስ ፋየርዎል ላይ ለዚያ ፖርት ብቻ፥ ለቢሮው ኔትዎርክ ብቻ ፈቃድ ይጻፍ። ቋሚ ፖርት ካልተሰጠ ግን «ብራውዘር» የተባለው ሰርቪስና የዩዲፒ 1434 በርም መከፈት አለባቸው። ችኩል ሰው ፋየርዎሉን በሙሉ ያጠፋል፤ ይህ መስኮት ለመክፈት ሲባል ግድግዳ እንደ ማፍረስ ነው።

በሩ ተከፍቶ «18456» የሚል ስሕተት ከመጣ ሰርቨሩ ተገኝቷል፥ ነገር ግን ገቢውን አላወቀውም ማለት ነው። ትክክለኛው ምክንያት በሰርቨሩ «ኤረርሎግ» ውስጥ በቁጥር ይጻፋል፤ 5 የተጠቃሚው ስም እንደሌለ፥ 8 የይለፍ ቃሉ እንደ ተሳሳተ፥ 58 ደግሞ ሰርቨሩ የዊንዶውስን መታወቂያ ብቻ እንዲቀበል እንደ ተደረገ ያመለክታል።

5ኛ፤ ፊደልና ቀን

ጭነቱ ተፈጸመ ሲባል ሌላ አደጋ ይመጣል። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት በ3.0 እትም በ1999 እ.ኤ.አ. ገብቷል፤ ነገር ግን የመረጃው ዓምድ ለላቲን ፊደል ብቻ ተዘጋጅቶ ከሆነ የገበሬው ስም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ እንዲህ ከተቀመጠ ተመልሶ አይነበብም። ስለዚህ በኤስኪውኤል ሰርቨር ዓምዱ «ኤንቫርቻር» ይሁን፤ በማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ይመረጥ። የመጀመሪያው ሙከራም በአማርኛ ስም ይደረግ። ኮምፒዩተር «ኃይሉ» እና «ሐይሉ» የሚሉትን እንደ ሁለት ሰው ስለሚቈጥር ለእያንዳንዱ ደንበኛ መለያ ቁጥር መስጠት ይበጃል።

ቀንም እንዲሁ ነው። የቋቱ የቀን ዓምድ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቈጣጠር ነው። ጸሐፊው ጥቅምት 30 ቀን 2018ን በ30/2/2018 ቢያስገባ ሰርቨሩ የካቲት በፈረንጅ 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልሰዋል። የባሰው ግን ጥቅምት 28 ነው፤ እርሱን ዝም ብሎ የፈረንጅ የካቲት 28 አድርጎ ይቀበለዋልና። የሚመልስ ስሕተት ሰውን ያነቃል፤ ዝም ብሎ የሚቀበል ስሕተት ግን ሒሳብ በሚዘጋበት ቀን ይገኛል። ፕሮግራሙ በኢትዮጵያ ቀን ተቀብሎ ለውጦ የሚያስቀምጥ መሆኑ ከመገዛቱ በፊት ይጠየቅ።

6ኛ፤ መጠባበቂያ ቅጂ

ኤክስፕረስ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ልክ አለው። እስከ 2022ቱ እትም አንዱ ቋት ከ10 ጊጋባይት ሊያልፍ አይችልም፤ በ2025ቱ እትም ልኩ ወደ 50 ከፍ ብሏል። በየሌሊቱ ቅጂ የሚያወጣው «ኤጀንት» የተባለው ክፍል በኤክስፕረስ ውስጥ ስለሌለ፥ ሥራው ለዊንዶውስ «ታስክ ስኬጁለር» ይሰጥ። ቅጂው በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ቢቀር ከመዝገቡ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ አንዱ ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ። በየወሩም ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ይሞከር፤ ያልተሞከረ ቅጂ ያልተመዘነ ጆንያ ነውና።

የተጠቀሰው አቅራቢ ሥራ በሦስተኛው ቀን ተቃና። ባለሙያው ሬጂስትሪውን አስተካከለ፥ ሠራተኛዋም ዝርዝሩን ከተገለበጠበት ዲስክ መልሳ አስገባች። በማግስቱ እሸቱን ያስመዘነው ገበሬ ስሙ በራሱ ፊደል፥ ኪሎውም በትክክል የተጻፈበትን ደረሰኝ ይዞ ሄደ። ነጋዴው ለገዛው ቡና ገንዘብ ይከፍላል፤ ለገበሬው እምነት ግን የሚከፍለው በተጣራ መዝገብ ነው። እንግዲህ ኮምፒዩተር እምቢ ባለ ጊዜ ከመደምሰስ በፊት መገልበጥ፥ ከመገመት በፊት ማንበብ፥ ከመቀጠልም በፊት መሞከር የነጋዴ ሁሉ ደንብ ይሁን።