ተንቀሳቃሽ ስልክና የሕሙማን ትምህርት

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከካዛንቺስ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ቀድመው ከጀመሩት የአገራችን ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር የዋጋው ችግር ተቃለለ፤ በየቀኑ ሳያቋርጡ የመውሰዱ ጉዳይ ግን ቀረ።

ቫይረሱ ራሱን ሲያባዛ በተደጋጋሚ ስሕተት ይሠራል። በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ሲቀንስ፣ በእነዚህ ስሕተቶች የተፈጠረ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዝርያ የመራባት ዕድል ያገኛል። ስለሆነም ሕመምተኛው የታዘዘለትን መዋጥ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚውጥም ማወቅ ይኖርበታል።

«ወገን» የተባለው የ952 ነፃ የስልክ መስመር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲከፈት ይህንኑ ዕውቀት ወደ ቤት አደረሰ። ደዋዩ ስሙን ሳይናገር፣ ፊት ለፊት ለመጠየቅ የሚያፍረውን ይጠይቃል። መገለል በሚፈራበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ ነገሩ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ተሞከረ። በጥናቱ 538 ሕሙማን ተሳተፉ። ግማሽ ያህሉ በየሳምንቱ በስዋሂሊ «ማምቦ?» (እንዴት ነህ? እንደማለት ነው) የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። በ48 ሰዓት ውስጥ «ደኅና ነኝ» ወይም «ችግር አለ» ብለው ይመልሳሉ፤ ችግር ላለበትና ለዘገየ ነርስ ትደውላለች። በ2003 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው መጽሔት በወጣው ውጤት መሠረት፣ መድኃኒታቸውን በአግባቡ እንደወሰዱ የተናገሩት መልእክት ከሚደርሳቸው ከመቶ 62፣ ከማይደርሳቸው ከመቶ 50 ነበሩ። በመልእክቱ ውስጥ የበሽታው ስም አለመኖሩን ልብ ይሏል! አንድ ስልክ ለቤተሰብ በሚያገለግልበት ቤት ሌላ ሰው ቢያነበው ምሥጢር አይወጣም።

ይህን በአማርኛ ለመሥራት የሚያስብ ተማሪ ግን አንድ ስሌት ይጠብቀዋል። አንድ አጭር መልእክት 1120 ቢት ይይዛል። የላቲን ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ይገባል፤ የእኛ ፊደል 16 ቢት ስለሚፈልግ የሚገባው 70 ብቻ ነው። እርግጥ «እንዴት ሰነበቱ» በላቲን ከነክፍተቱ 14 ቦታ ሲይዝ በፊደላችን 9 ይበቃዋል፤ ጉዳቱ በከፊል ይካካሳል። ማንበብ ለማይችል ሕመምተኛ ግን ሰባውም ፊደል አይጠቅመውም። ለእርሱ እንደ 952 ያለው የሰው ድምፅ ይሻለዋል።