የመጀመሪያውን የሪሞት ሄሊኮፕተር ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ብሎ ሲደውል፣ ወይም ከመደብሩ መስታወት ፊት የቆመ ልጅ የአባቱን እጅ ሲጎትት፣ በሪሞት ኮንትሮል የሚበር ሄሊኮፕተር መግዛት የአንድ ደቂቃ ውሳኔ ይመስላል። በካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ያማረ ነው። አንዱን ካርቶን ከሌላው የሚለየው ነገርም ለአዲስ ገዢ ዓይን አይታይም። ይሁን እንጂ በእነዚህ ተመሳሳይ ካርቶኖች ውስጥ ያሉት ዕቃዎች እጅግ የተለያዩ ናቸው። አንዱን የአሥር ዓመት ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለምደዋል። ሌላው ደግሞ ልምድ በሌለው ጎልማሳ እጅ ከመሬት በተነሣ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ተገልብጦ ይሰባበራል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በችኮላ የተገዛው ሄሊኮፕተር ሳምንት ሳይሞላው ቁምሣጥን ላይ ይወጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ዓይነቱን ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

ለምን ያስቸግራል?

የአውሮፕላን ሞዴል ሞተሩ ቢጠፋም በክንፉ ተንሳፎ ጥቂት ይሄዳል። ሄሊኮፕተር ግን ያለማቋረጥ መቆጣጠርን ይጠይቃል። ከላይ ያለው ክንፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሽከረከር፣ አካሉ በተቃራኒው መሽከርከር ይፈልጋል። ይህን ለመግታት ሁለት የታወቁ መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው ጭራው ላይ ትንሽ ክንፍ አድርጎ አካሉን ወደ ጎን መግፋት ነው። ኢጎር ሲኮርስኪ እ.ኤ.አ. በ1939 ባበረረው ቪኤስ-300 የተጠቀመበትና እስከ ዛሬም አብዛኞቹ ትልልቅ ሄሊኮፕተሮች የሚሠሩበት መንገድ ይኸው ነው። ሁለተኛው በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ክንፎችን ደርቦ፣ አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ ማሽከርከር ነው። ሁለቱ ግፊቶች ስለሚጣፉ አካሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ገዢው በመጀመሪያ የሚመርጠው እንግዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ነው።

ሦስቱ ዓይነቶች

አንደኛው ዓይነት ባለ ድርብ ክንፍ ነው። በአየር ላይ ራሱን ችሎ ለመቆም ስለሚቀናው፣ ማንሻውን ቢለቁትም ወዲያው አይገለበጥም። የናሳዋ ኢንጀኒዊቲም እ.ኤ.አ. በ2021 በማርስ ላይ ስትበር ይህንኑ የድርብ ክንፍ አሠራር ነበር የተጠቀመችው። በአሻንጉሊት ገበያ በሰፊው የታወቀው የዚህ ዓይነት ምሳሌ ሳይማ ኤስ107 ነው። ርዝመቱ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ባለ ሦስት ቻናል ነው። ጉድለቱ ፍጥነት የሌለውና ነፋስ የማይችል መሆኑ ነው። ቤት ውስጥ ግን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ሁለተኛው ዓይነት ባለ አንድ ክንፍ ሆኖ የክንፉ ማዕዘን የማይለወጥ ነው። ከፍ ለማለት ክንፉ ይፈጥናል፣ ዝቅ ለማለት ይዘገያል። ደብሊው.ኤል. ቶይስ ቪ911 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ባለ አራት ቻናል ስለሆነ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎንም ይንሸራተታል። ከመጀመሪያው ዓይነት የበለጠ ትኩረት ይጠይቃል፤ ቀላልና ትንሽ በመሆኑ ግን ሲወድቅ ብዙም አይጎዳም።

ሦስተኛው ዓይነት የክንፎቹ ማዕዘን በበረራ ላይ የሚለወጥ፣ ባለ ስድስት ቻናል ነው። ክንፉ በአንድ ፍጥነት እየዞረ ማዕዘኑን ብቻ ስለሚለውጥ ትእዛዝን በቅጽበት ይቀበላል፤ ተገልብጦም ሊበር ይችላል። ኤክስኬ ኬ110 የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። በማብሪያ ማጥፊያ የሚመረጥ የጀማሪ አሠራር አለው። ቢሆንም ይህ ዓይነት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ግዢ እንጂ የመጀመሪያ ሊሆን አይገባውም።

ስለ ቻናል ቁጥር ብዙ ገዢዎች ይሳሳታሉ። ቻናል ማለት አብራሪው ለየብቻው የሚያዘው የእንቅስቃሴ ዓይነት ነው። ሦስት ቻናል ሲባል መውጣትና መውረድ፣ አፍንጫን ማዞር፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ ማለት ነው። አራተኛው የጎን መንሸራተትን ይጨምራል። ቁጥሩ በበዛ መጠን ዕቃው የተሻለ ነው ማለት አይደለም፤ እጅ ሊያስብበት የሚገባው ነገር በዛ ማለት ነው።

ሪሞቱን ይመርምሩ

ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በኢንፍራሬድ ጨረር ይሠራሉ። ጨረሩ በፀሐይ ብርሃን ይደናገራል፤ በመካከል ዕቃ ሲገባም ይቋረጣል። ስለዚህ ለሳሎን እንጂ ለግቢ አይሆኑም። ውጪ ለማብረር ያሰበ ሰው ካርቶኑ ላይ 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚል ጽሑፍ ይፈልግ።

በተጨማሪ ሁለት ምሕጻረ ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። «አር.ቲ.ኤፍ.» የሚለው ሪሞቱ፣ ባትሪውና ቻርጀሩ አብረው እንዳሉ ያመለክታል። «ቢ.ኤን.ኤፍ.» የሚለው ግን ሪሞት የለውም፤ ገዢው ተስማሚ ሪሞት አስቀድሞ እንዳለው ይታሰባል። በዋጋው ቅናሽ ተደስቶ ሁለተኛውን የገዛ ጀማሪ፣ ቤቱ ደርሶ ካርቶኑን ሲከፍት የሚያበርበት ነገር ያጣል። እንዲሁም «ሞድ 2» የሚባለው፣ ኃይል መስጫው በግራ እጅ የሆነው ሪሞት በብዛት የሚገኝ ስለሆነ እሱን መልመድ ይመረጣል።

ባትሪው ትንሽ ነው ብለው አይናቁት

የእነዚህ ሄሊኮፕተሮች ባትሪ ሊቲየም ፖሊመር ነው። አንዱ ሴል በስሙ 3.7 ቮልት ሲባል፣ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። ስለሆነም ሄሊኮፕተሩ መድከም ሲጀምር ወዲያው ማሳረፍ እንጂ እስኪወድቅ መጠበቅ ባትሪ መግደል ነው።

እዚህ ላይ የሁለቱን ምሳሌዎች ልዩነት ያስተውሏል። የኤስ107 ባትሪ ከውስጥ የተያያዘ ነው። ስምንት ደቂቃ ገደማ በርሮ አርባ ደቂቃ ያህል ቻርጅ ይጠብቃል። የቪ911 ባትሪ ግን ይነቀላል። አራት ትርፍ ባትሪ ያለው ሰው በአንድ ቁጭታ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ይለማመዳል። መማር የሚፈልግ ሰው የሚገዛው የልምምድ ደቂቃ ስለሆነ፣ ባትሪው የሚነቀል መሆኑን መጠየቅ ከቀለሙ ምርጫ ይቀድማል።

ባትሪ ቻርጅ ላይ ሰክቶ መተኛት ወይም ከቤት መውጣት ፈጽሞ አይገባም። ያበጠ ባትሪ ደግሞ ዳግመኛ ቻርጅ አይደረግም። ከውጭ የሚያመጣ መንገደኛም ትርፍ ባትሪዎችን ከአውሮፕላን ሆድ በሚገባ ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ሻንጣ መያዝ እንዳለበት ይወቅ።

የአዲስ አበባ አየር

በዱባይ ባሕር ዳር ተሞክሮ «በደንብ ይበራል» የተባለ ዕቃ አዲስ አበባ ሲመጣ ለምን ይደክማል? ዕቃው ላይበላሽ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሯ ከባሕር ዳሩ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፉ የሚገፋው አየር ሲሳሳ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሣት በ12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሽከርከር አለበት። የሚፈጀው ኃይልም በዚያው መጠን ይጨምራል። ስምንት ደቂቃ ይበር የነበረው ሰባት ደቂቃ ቢበር ሊያስገርም አይገባም።

ከዚህ የሚገኘው የገበያ ትምህርት ግልጽ ነው። ትርፍ ክብደት የተሸከመ ዕቃ አይግዙ። ካሜራ፣ ውኃ መርጫ፣ ብዙ መብራትና ጌጥ የተደረገበት ርካሽ ሄሊኮፕተር በባሕር ወለል ላይ እንኳ በጭንቅ የሚነሣ ከሆነ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ቀላልና ጌጥ የሌለው ይሻላል። ከተቻለ ሻጩ ባትሪውን ሞልቶ መደብሩ ውስጥ እንዲያስነሣው ይጠይቁ።

ገንዘብዎን እንዴት ይደልድሉ?

የጀማሪ ዋነኛ ስሕተት ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለሄሊኮፕተሩ ማዋል ነው። ለዚህ ጨዋታ ካሰቡት ከእያንዳንዱ 100 ብር 60ውን ለሄሊኮፕተሩ፣ 25ቱን ለትርፍ ባትሪ፣ 15ቱን ለመለዋወጫ ቢመድቡ ይመከራል። መውደቅ አይቀርምና። አዘውትረው የሚሰበሩት ዋናው ክንፍ፣ የጭራ ክንፍና ሞተሩ፣ የማረፊያ እግርና የክንፉ ዘንግ ናቸው። የእነዚህ መለዋወጫ የማይገኝለት ሄሊኮፕተር ምንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው። ክንፉ ሲሰበር ሁሉም ይጣላልና። ከውጭ የሚያስመጣ ሰው መለዋወጫውን ከሄሊኮፕተሩ ጋር በአንድ ጊዜ ቢያስመጣ ሁለተኛ መንገደኛ ከመለመን ይድናል።

ባለ ስድስት ቻናል ለመግዛት የቆረጠ ሰው ደግሞ አስቀድሞ በኮምፒውተር ማስመሰያ ቢለማመድ ገንዘቡን ያድናል። ሪያልፍላይትን የመሰሉ ፕሮግራሞች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። በኮምፒውተር ላይ መቶ ጊዜ መውደቅ አንድ ክንፍ አያስከፍልም።

አደጋውና ፈቃዱ

ወላጆች ሊረዱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ትንሿ የሳሎን ሄሊኮፕተር ጣት ብትመታ ጭረት ትተው ይሆናል። ትልቁ ግን አሻንጉሊት አይደለም። የክንፉ ስፋት አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ሄሊኮፕተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር፣ የክንፉ ጫፍ በሰዓት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 በኒውዮርክ ብሩክሊን አንድ የ19 ዓመት ወጣት በራሱ የሪሞት ሄሊኮፕተር ተመትቶ ሕይወቱ አልፏል። ጀማሪም አልነበረም፤ በዚህ ጨዋታ ልምድ የነበረው ነው። ስለዚህ ለልጅ የሚገዛው የመጀመሪያ ሄሊኮፕተር ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ይሁን። የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግም ለትንሹም ቢሆን መልካም ልማድ ነው።

ሌላው ጉዳይ ፈቃድ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይታወቃል። ሄሊኮፕተሩ የልጅ መጫወቻ ቢሆንም ካሜራ ካለው በአየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ካሜራ የሌለውን መምረጥ፣ ትልቅ ከሆነም ከመግዛት በፊት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት መጠየቅ፣ ዕቃውን ቦሌ ላይ ጥሎ ከመግባት ያድናል። አገር ውስጥም ከአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ፣ ከመንገድና ሕዝብ ከተሰበሰበበት ሥፍራ ርቆ ማብረር ግዴታ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት

ሄሊኮፕተሩን ባዶ ክፍል ወለል ላይ አስቀምጡ። ጭራው ወደ እናንተ፣ አፍንጫው ወደ ግድግዳው ይሁን። እንዲህ ሲሆን የእሱ ግራ የእናንተ ግራ ነው። ኃይሉን ቀስ አድርጋችሁ እየሰጣችሁ እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ አንሡት። ወለሉን ተጠግቶ ሲበር ከራሱ ክንፍ የወጣው ነፋስ ተመልሶ ስለሚያናውጠው፣ ጥቂት ከፍ ሲል ይረጋጋል። የመጀመሪያዎቹን ባትሪዎች በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ማቆምን ብቻ ተለማመዱባቸው። አፍንጫውን ወደ እናንተ ማዞር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግራና ቀኝ ስለሚገለበጡ እጅ ይሳሳታል። ውጪ የሚወጣው ደግሞ ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ ይሁን። ከግድግዳ ጋር ሊጋጭ ሲል ከሁሉ አስቀድሞ ኃይሉን መዝጋት ይገባል። ቆሞ የወደቀ ክንፍ ይተርፋል፣ እየዞረ የተመታ ይሰበራል።

እንግዲህ ገዢው መደብር ሲገባ የሚከተሉትን ስድስት ጥያቄዎች ይዞ ቢገባ ይበጀዋል። ክንፉ ድርብ ነው ነጠላ? ቻናሉ ስንት ነው? ሪሞቱ ኢንፍራሬድ ነው 2.4 ጊጋ ኸርዝ? ሪሞቱና ቻርጀሩ ካርቶኑ ውስጥ አሉ? ባትሪው ይነቀላል? ክንፉ ቢሰበር ምትኩ ከየት ይገኛል? ሻጩ ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለው፣ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ እንዳለ ይዘው ወደሚቀጥለው መደብር ይለፉ።