ቡናው ለጀበና፣ ውሃው ለቁስል

ሽንኩርት ሲከተፍ ቢላው ጣት ያገኘ እንደሆነ፣ በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ቀድሞ የሚፈለገው የተፈጨ ቡና ነው። ቁስሉ ላይ ይነሰነስና በጨርቅ ይጠመጠማል፤ ደሙም ይቆማል። ምስጋናው ለቡናው ይሁን እንጂ ሥራውን የሠራው ጥብቅ ብሎ የታሰረው ጨርቅ ነው። ዱቄቱ ግን ጣጣ አለው፦ ቁስሉ ስፌት ካስፈለገው ነርሷ ፍርፋሪውን አጥባ ሳትጨርስ መርፌ አታነሳም።

ደም የሚቆመው በጫና ነው። በታጠበ እጅ ንጹሕ ጨርቅ ደርቦ 10 ደቂቃ ያህል ሳያነሱ መጫን። «ቆመ ይሆን?» እያሉ በየመሐሉ መግለጥ መርጋት የጀመረውን ደም መልሶ ይቀሰቅሰዋል።

ከዚያ በሚፈስ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው፤ ለመጠጥ የሚሆን የቧንቧ ውሃ ይበቃል፣ ካላስተማመነም ፈልቶ የቀዘቀዘ። አልኮልና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን ቁስሉን የሚጠግነውን ሕዋስም ይጎዳሉ። ማቃጠሉን የፈዋሽነቱ ምስክር አድርጎ የሚወስድ ሰው ግን ዛሬም ሞልቷል።

«አየር ይንካው» የሚለው ምክርም እንዲሁ የተሳሳተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ትንንሽ ቁስሎች አበጅቶ አንዳንዶቹን ሸፈነ፣ ሌሎቹን ለአየር ተዋቸው። የተሸፈኑት በእጥፍ ገደማ ፍጥነት አዲስ ቆዳ አበቀሉ። አዲሱ ሕዋስ በደረቅ ቅርፊት ሥር መንገዱን እየቆፈረ ይጓዛል፤ እርጥበት ሲያገኝ ግን ሳይቸገር ይስፋፋል። ስለዚህ ስስ ቫዝሊን ቀብቶ በፕላስተር መሸፈን፣ በየቀኑም መለወጥ ይሻላል።

15 ደቂቃ ተጭኖ ያልቆመ ደም፣ አፉን የከፈተ ወይም ስብ የሚታይበት ቁስል፣ ፊት ላይ የደረሰ ቁርጥ ሁሉ ጤና ጣቢያ ይፈልጋል፤ ያውም በሰዓታት ውስጥ። ጣት አልታጠፍ ካለ ወይም ከደነዘዘ ጅማት ወይም ነርቭ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ተሰክቶ የቀረ ስባሪ ብርጭቆ ቤት ውስጥ አይነቀልም።

መንጋጋ ቆልፍን በተመለከተ ሰው ሁሉ ዝገትን ይወቅሳል፤ ጀርሙ ግን የሚኖረው በአፈርና በእበት ውስጥ ነው። የሚያብረቀርቅ ማጭድ የቆረጠው ገበሬም የዛገ ቆርቆሮ ከቆረጠው ሰው ያነሰ ስጋት የለበትም። ቁስሉ ቆሻሻ ከነካው፣ የመጨረሻው ክትባትም 5 ዓመት ካለፈው እንደገና መከተብ ያስፈልጋል። ውሻ የነከሰው ሰው ደግሞ ጭረት ቢመስለውም ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።