መድኃኒት እንቢ ያለው የዓሣ ኩሬ በሽታ

በፎገራ፥ በደራና በሊቦ ከምከም ኩሬ ቆፍራችሁ ቆሮሶ የምታረቡ ገበሬዎች ሆይ፥ «አምና የሠራው መድኃኒት ዘንድሮ ስለ ምን እንቢ አለ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ይሆናል።

ኤሮሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ በኩሬ ውሃና በጭቃ ውስጥ ዘወትር ይኖራል። ጤነኛውን ዓሣ እምብዛም አይደፍረውም፤ ዓሣው በብርድ ሲደክም፥ በመረብ ሲቆስል ወይም ኩሬው ሲጠበው ግን ይገባበታል። በዚያን ጊዜ ገላው ይቆስላል፥ ክንፉ ይበሰብሳል፥ ሆዱም ይነፋል። (ደብረ ታቦር ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ስለሆነ ለቆሮሶ ብርድ ነው፤ እኔ ብሆን ኩሬዬን ከታች በጣና ዳር ሜዳ እቆፍራለሁ።)

ገብስ ስታጭዱ ጥሩ ጥሩውን ዛላ ለዘር እንደምትመርጡ ሁሉ መድኃኒትም ይመርጣል፤ የሚመርጠው ግን ክፉውን ነው። ከእልፍ ባክቴሪያ መካከል ዘረመሉ፥ ማለት ከወላጁ የወረሰው የባሕርይ መዝገብ፥ ጥቂት የተለወጠ አንድ ሁለት አይጠፋም። መድኃኒቱ ሌላውን ሲገድል ይህ ይተርፍና ቦታውን ሁሉ ይወርሳል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። የገብስ ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ባክቴሪያ ግን ፕላዝሚድ በምትባል የዘረመል ቀለበት ይህን ጠባይ ለጎረቤቱ፥ ለባዕድ ወገንም ጭምር ያቀብላል። ይህንንም የጃፓን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 የተቅማጥ ባክቴሪያ ሲመረምሩ ደርሰውበታል። እንግዲህ ኩሱ ኩሬውን እንዲያዳብር ብላችሁ ዶሮ ቤት ከኩሬው በላይ ከሠራችሁ፥ ለዶሮዎቹ የምትሰጡት ኦክሲቴትራሳይክሊን ከኩሱ ጋር ወደ ውሃው ይወርዳል፤ መድኃኒቱን የለመደው የዶሮ ባክቴሪያም አብሮት ይወርዳል። አንድም ዓሣ ሳይታመም ምርጫው ኩሬው ውስጥ ተጀመረ ማለት ነው።

የዕቃ ማጠቢያውም ነገር ከዚህ አይርቅም። ሳሙና መሰል የሆኑትን አንዳንድ የተሐዋስያን ማጥፊያዎች ባክቴሪያው በጥቃቅን ፓምፕ ከገላው ወደ ውጭ ይተፋቸዋል። የፓምፑ ዘረመል ሰልፋ የተባሉትን መድኃኒቶች ከሚያከሽፈው ዘረመል ጋር ብዙ ጊዜ በአንድ ክር ተያይዞ ይገኛል፤ ስለዚህ የቀጠነ ማጠቢያ አንዱን ሲመርጥ ሁለተኛውንም ይመርጣል። በረኪና በዚህ ፓምፕ አይሸነፍም፤ ኃይሉን የሚበላው ጭቃና ቆሻሻ ነው። ባልዲውንና ገንዳውን አስቀድማችሁ ፈግፍጉ፥ ከዚያ በረኪናውን አድርጉ፥ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁም ፀሐይ ላይ አስጡ፤ የቀረ በረኪና ዓሣ ይገድላልና።

ዶሮዎቹ መድኃኒት ላይ ባሉበት ጊዜና የእንስሳት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ኩሱን ከኩሬው አርቃችሁ ቅበሩ። ከሰው የተረፈ ካፕሱል ውሃ ውስጥ አትበትኑ። ዓሣ መሞት ሲጀምር የሞተውን አውጥታችሁ ቅበሩ፥ መኖ ቀንሱ፥ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ፤ ሐኪሙንም ጥሩ። በበጋ ዓሣውን ስታወጡ ኩሬውን ጭቃው እስኪሰነጠቅ አድርቁት፥ ኖራም ነስንሱበት።