ሪፖርት አድማጭ ወይስ ወሳኝ? የወረዳ ምክር ቤቶች ጉባኤ በአርሲ ደጋ

የወረዳ ምክር ቤት መደበኛ ጉባኤ ሥርዓት የታወቀ ነው። አፈ ጉባኤው ጉባኤውን ይከፍታል፤ የወረዳው አስተዳዳሪ የአስፈጻሚውን አካል የሥራ ክንውን ያቀርባል፤ አባላት ከየቀበሌያቸው የያዙትን ጥያቄ ያነሣሉ፤ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ይመልሳሉ፤ በመጨረሻም ሪፖርቱ በእጅ ማውጣት ይጸድቃል። ንጹሕ ውኃ፣ መንገድ፣ ማዳበሪያና የመምህር እጥረት በእነዚህ ጉባኤያት ተደጋግመው የሚነሡ ጉዳዮች ናቸው። ጥያቄዎቹ መነሣታቸው አያከራክርም። አከራካሪው ከመካከላቸው ምክር ቤቱ ራሱ እልባት ሊሰጠው የሚችለው የትኛውን ነው የሚለው ነው።

ሕጉ ለዚህ ግልጽ የሚመስል መልስ አለው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛ እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። በ1994 ዓ.ም. ኦሮሚያን ጨምሮ አራቱ ትልልቅ ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ጀመሩ፤ ምክር ቤቱም ገንዘቡን ለየዘርፉ የመደልደል ሥልጣን አገኘ። ይሁን እንጂ የወረዳው አስተዳዳሪ ተጠሪነቱ ለመረጠው ምክር ቤት ብቻ ሳይሆን ከበላዩ ላለው አስተዳደርም ጭምር ነው። ሁለቱ ተጠሪነቶች በተጋጩ ጊዜ የትኛው እንደሚያመዝን ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም።

ከተጠሪነቱ ይልቅ ነገሩን የሚያጠብበው የበጀቱ አወቃቀር ነው። የጥቅሉ ገንዘብ አብዛኛው የመምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የልማት ሠራተኞችና የሌሎች ተቀጣሪዎች ደመወዝ ነው። የደመወዝ ስኬል በወረዳ አይወሰንም፤ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያንና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርን ወረዳው ይሰበስባል እንጂ መጠኑን የሚያወጣው ጨፌ ኦሮሚያ ነው። ለምክር ቤቱ በእርግጥ የሚቀረው የመወሰኛ ሜዳ ከደመወዝ የተረፈው ጠባብ የካፒታል በጀት ይሆናል። በአንጻሩ የኬንያ የ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ለ47ቱ ካውንቲዎች ከብሔራዊ ገቢ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲደርሳቸው ዋስትና ሰጥቷል፤ ለኢትዮጵያ ወረዳ እንዲህ ያለ ወለል በሕገ መንግሥት አልተቀመጠለትም።

ማዳበሪያ ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። ስንዴና የቢራ ገብስ ለሚያመርተው የአርሲ ደጋ ገበሬ ግብዓቱ ከክረምቱ ዘር ወቅት ቢዘገይ የዓመቱ ምርት አደጋ ላይ ይወድቃል። ግዥው ግን በፌዴራል ደረጃ ይፈጸማል፤ ሥርጭቱ በኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በኩል ይወርዳል፤ የወረዳው ድርሻ በዋናነት ፍላጎት ማሰባሰብና ማከፋፈል ነው። ስለዚህ የምክር ቤት አባሉ ሲጠይቅ የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊው «ለሚመለከተው አካል አሳውቀናል» ከማለት የዘለለ መልስ የለውም። ይህ ሐረግ ራሱን ችሎ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ ውሸት አይደለም፤ የሚመለከተው አካል በአዳራሹ ውስጥ የለም እንጂ።

ሁለተኛው ክፍተት ወደ ጎን ነው። በኦሮሚያ ዞን የክልሉ አስተዳደር ቅርንጫፍ እንጂ የራሱ ተመራጭ ምክር ቤት ያለው እርከን አይደለም። የአርሲ ወረዳዎች ተመራጮች እንደ ተመራጭ ተቀምጠው የጋራ ውሳኔ የሚያሳልፉበት እርከን በመዋቅሩ ውስጥ የለም ማለት ነው። ሆኖም ብዙው ጉዳይ የጋራ ነው። የቀጠር ወንዝ ከደጋው ተነሥቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሲወርድ፣ በላይኞቹ ወረዳዎች የሚጠለፍ የመስኖ ውኃ በዝዋይ ዱግዳ ያለውን ገበሬ ይነካል። አንዱ ምክር ቤት ብቻውን ስለዚህ ቢወያይ ስሞታ እንጂ ውሳኔ ሊያወጣ አይችልም።

አካባቢው ራሱ ለዚህ ማነጻጸሪያ ይሰጣል። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በሄጦሳ ከባዳ ተራራ ምንጮች በስበት የሚወርድ የመጠጥ ውኃ መስመር በዋተርኤድና በዋተር አክሽን ድጋፍ፣ በነዋሪውም ጉልበት ተዘረጋ። ርዝመቱ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ20 የሚበልጡ የገጠርና የከተማ ማኅበረሰቦችን ያገናኝ ነበር። አስተዳደሩ ለተጠቃሚዎች ተወካዮች ቦርድ ተሰጠ። የቦርዱ አባል ስለ ደረቀ ቦኖ ሲናገር የሚሰማው ጉባኤ የውኃውን ሽያጭ ገንዘብ የሚይዘውና ጠጋኙን የሚልከው ያው አካል ነበር። እርግጥ ቦርዱ አንድን አገልግሎት ብቻ ስለሚመራ ከምክር ቤት ጋር በሁሉም ረገድ አይመዘንም፤ ቅሬታን ከገንዘብና ከውሳኔ ጋር በአንድ ጠረጴዛ በማስቀመጡ ግን ይለያል።

የአሰላ ከተማና የጢዮ ወረዳ ጉርብትናም ሌላ ፈተና ያቀርባል። ወረዳው ከተማዋን ይከባል፤ ከተማዋ የራሷ ምክር ቤትና ከንቲባ አሏት። የከተማ ክልል በሰፋ ቁጥር የወረዳው መራጭ የነበረ ገበሬ የከተማ ነዋሪ ይሆናል፤ ማሳውም ለልማት የሚፈለግ ቦታ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት ለሚነሣ ባለይዞታ የሚከፈለው ካሳ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ለማያገኘው ባለይዞታ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አደረገው። ስሌቱ ተሻሽሏል። ተነሺው ገበሬ ሥጋቱን በየትኛው ምክር ቤት፣ በየትኛው ተወካይ በኩል እንደሚያሰማ ግን የካሳ ስሌት አይመልሰውም።

ይህ ሁሉ በምርጫው ጉዳይ ላይ ይደረባል። ከሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ በፊት የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ ነበር፤ በመላ አገሪቱ ለውድድር ከቀረቡት ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫዎች ውስጥ ግን ተቃዋሚዎች ያገኙት ከቁጥር የማይገባ ነው። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሄደ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተደረገው ድምፅ አሰጣጥ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች ስለ ነበር የአርሲ ወረዳዎች መቀመጫዎች አልቀረቡበትም። የ5 ዓመት ዘመኑ ካለፈ በኋላም የቀጠለ አባል ጥያቄ ቢያነሣ ወይም ዝም ቢል በመራጩ ፊት የሚቆምበት ቀን አልተቆረጠለትም።

ለወደፊት ጥናት ከሁሉ የሚቀርበው ምንጭ ቃለ ጉባኤ ነው። አንድ ጥያቄ፣ ለምሳሌ የአንድ ቀበሌ ድልድይ፣ በስንት ተከታታይ ጉባኤ እንደ ተነሣ፣ መልሱ በማን እንደ ተሰጠ፣ በመጨረሻም በበጀት ሠንጠረዥ ውስጥ መስመር ማግኘት አለማግኘቱን መከታተል ይቻላል። በሌሙና ቢልቢሎ ደጋና በዶዶታ ቆላ ጎን ለጎን ቢሠራ፣ የትኞቹ ሥጋቶች በወረዳ እንደሚያልቁና የትኞቹ ወደ ላይ ሄደው እንደሚቀሩ በጥያቄ ቁጥር ለይቶ ለማሳየት ያስችላል።