የላይብረሪ መሻሻልና የአሮጌው ፕሮግራም ዕጣ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍን ለሚማሩ ወንድሞችና እኅቶች ግን ይህ ተረት የዘወትር የሥራ መመሪያ ሊሆን ይገባዋል። ምክንያቱን በእውነት በደረሰ አንድ ነገር ለማስረዳት እንሞክራለን።

ላይብረሪ ማለት ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉበት፥ አስቀድሞ ተጽፎ የተዘጋጀ ኮድ ነው። ኦፕን ሶርስ የሆነ ላይብረሪ ደግሞ ማንም ሰው ሊያነበው፥ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው የተፈቀደ ነው። ይህ ነጻነት ከባድ ኀላፊነት ያስከትላል፤ ይኸውም ላይብረሪውን የሚጠብቁት ሰዎች ተጠቃሚዎቻቸውን በስምም ሆነ በቁጥር አያውቋቸውም። ስለዚህ አንድ መስመር ሲለውጡ የማን ሥራ እንደሚበላሽ አስቀድመው ለማየት አይችሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙዎቹ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ መሠረት የሆነው የሲ ቋንቋ ላይብረሪ ጂሊብሲ ይባላል። በውስጡ ሜምኮፒ የሚባል ፋንክሽን አለ፤ ሥራውም በሜሞሪ ውስጥ ያለውን ነገር ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ መገልበጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የቋንቋው ደንብ፥ የሚገለበጥበትና የሚገለበጥለት ስፍራ ከተደራረቡ ለሚሆነው ነገር ዋስትና አልሰጠም፤ ለተደራረበ ስፍራ የሚያገለግለው ሜምሙቭ የተባለው ሌላው ፋንክሽን ነው። ይሁን እንጂ የቀድሞው ሜምኮፒ ብዙውን ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ በተራ ይገለብጥ ስለ ነበረ፥ ደንቡን ያልጠበቁ አንዳንድ ፕሮግራሞች ጥፋታቸው ሳይታወቅ በደኅና ይሠሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 ለአዳዲስ ፕሮሰሰሮች የሚስማማ ፈጣን ሜምኮፒ ተጻፈ። ይህም አዲሱ አንዳንድ ጊዜ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ መጀመሪያው ይገለብጣል። በዚያው ዓመት ፌዶራ 14 ይህን ይዞ በወጣ ጊዜ፥ በአዶቢ ፍላሽ ፕሌየር ሙዚቃ የሚያዳምጡ ሰዎች ድምፁ ተበላሽቶ ሰሙት። ፍላሽ በተደራረበ ስፍራ ላይ ሜምኮፒን ይጠቀም ነበርና።

አንባቢ ሆይ፥ የመገልበጡ ተራ ይህን ያህል እንዴት ይጎዳል ትል ይሆናል። ወረቀትና እርሳስ ያዝ። 7 ሣጥኖች በተርታ ሥለህ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ፥ ሠ ብለህ ጻፍ። አሁን እነዚህን 5 ፊደላት ከ1ኛው እስከ 5ኛው ሣጥን ገልብጥ። ከመጀመሪያው ከጀመርህ፥ 3ኛውን ወደ 1ኛው፥ 4ኛውን ወደ 2ኛው እያልህ ስትሄድ ሀለሐመሠ በትክክል ይገኛል። ከመጨረሻው ከጀመርህ ግን 7ኛው ወደ 5ኛው ሲገባ ሐ ይጠፋል፤ 6ኛው ወደ 4ኛው ሲገባ ለ ይጠፋል፤ በመጨረሻም የምታገኘው ሠመሠመሠ ነው። ኮምፒዩተሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ባይት ይገለብጣል እንጂ ጥፋቱ ያው ነው። በድምፁ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን «ደንቡ ግልጽ ነው፤ ጥፋቱ የፍላሽ ነው፤ ላይብረሪው ምንም አላጠፋም» አለ። የሊኑክስን ከርነል የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ግን ተጠቃሚው ደንብ አያነብም፥ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ መበላሸቱን ብቻ ያያል በማለት ተከራከረ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ፍላሽ ኦፕን ሶርስ ስላልነበረ ተጠቃሚው ራሱ ከፍቶ ሊያርመው አይችልም ነበር። እንግዲህ ጥፋተኛውን በመለየት ብቻ የማንም ድምፅ አልተስተካከለም።

መፍትሔው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው በጂሊብሲ 2.14 ነው። በላይብረሪው ውስጥ አንድ ስም ሁለት ዕትም እንዲኖረው ተደረገ። በባለ 64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ፥ ቀድሞ የተሠራ ፕሮግራም ሜምኮፒ ብሎ ሲጠራ እንደ ሜምሙቭ ተጠንቅቆ የሚገለብጠውን ያገኛል፤ በአዲሱ ላይብረሪ የሚሠራ ፕሮግራም ግን ፈጣኑን ያገኛል። ለአሮጌው የለመደው ተጠበቀለት፤ ለአዲሱም ፍጥነቱ አልተከለከለም። ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም፤ በአዲሱ ላይብረሪ የተሠራ ፕሮግራም ወደ አሮጌ ኮምፒዩተር ሲወሰድ 2.14ን እየፈለገ አልነሣም ማለቱ ብዙ ፕሮግራመሮችን አስቸግሯል።

ከዚህ ታሪክ ላይብረሪ የሚጠብቅ ሰው አቤቱታ ሲደርሰው ሊያደርገው የሚገባውን እናውጣ።

አንደኛ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ጥፋቱን በራሱ ማሽን ላይ በጥቂት መስመር ደግሞ ያሳይ። ከላይ ያሉት 7 ሣጥኖች የዚህ ዓይነት ምሳሌ ናቸው።

ሁለተኛ፥ ጥፋቱን ያመጣው የትኛው ለውጥ እንደ ሆነ ይፈልግ። ጊት በሚባለው መሣሪያ ለውጦቹን በግማሽ በግማሽ እየከፈሉ መመርመር ይቻላል፤ በዚህ መንገድ 1000 ለውጦች ቢኖሩ ወደ 10 ያህል ሙከራ ይበቃል።

ሦስተኛ፥ የተበላሸው ነገር በጽሑፍ ቃል የተገባበት ነው ወይስ በልማድ የቆየ ብቻ? ብሎ ይጠይቅ። ቃል የተገባበት ከሆነ ያለ ክርክር ይመልሰው። ልማድ ብቻ ከሆነም ስንት ሰው በልማዱ እንደሚኖር ይመዝን።

አራተኛ፥ ለአሮጌው መንገዱን ሳይዘጋ ለአዲሱ ሌላ መንገድ መክፈት ይቻል እንደ ሆነ ይመርምር። የማይቻል ከሆነ ለውጡን በትልቅ ዕትም ብቻ፥ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ያውጣው።

አምስተኛ፥ ያው ጥፋት ዳግመኛ እንዳይመጣ የሚጠብቅ ፈተና ከኮዱ ጋር ይጻፍ።

እኛ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ከፈተና ወጥተን «መልሴ ልክ ነው» ስንል ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። በሥራ ዓለም ግን ልክ መሆን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ በእኛ ሥራ ላይ ተማምኖ የራሱን ቤት የሠራውን፥ ከቶም አይተነው የማናውቀውን ሰው ማሰብ ነው። ፍላሽ ፕሌየር እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ተቋርጦ ከአገልግሎት ወጥቷል፤ ትምህርቱ ግን አላረጀም።